«እና ሌሎችም»

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ልጅ ሻይ ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሪችመንድ፣ የቨርጂኒያ ምክር ቤት፣ አንድ ተወካይ ቢሮ ለልምምድ ገብታለች። «ጋሼ፣ ሕግ ሲወጣ አያለሁ ብዬ ነበር። ቀኑን ሙሉ የምሠራው ግን የሰው ደብዳቤ ኮምፒውተር ላይ መመዝገብ ነው። ስም፣ አድራሻ፣ ጉዳዩ። በቃ። ልተወው እንዴ?» አለችኝ።

«እስቲ ላስብበት» ብዬ አመለጥኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ፊቴ ላይ የተደቀነው የልጅቷ ነገር አልነበረም። የአንዲት ሴትዮ ቢጫ ሻሽ ነው።

ለልጅቷም፣ እሷን ለምትመስሉም ልጻፈው። በሰዓት ግቡ፣ አለቃ አክብሩ ምናምን አልልም። እሱን እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል።

እዚህ አገር እንደመጣሁ አንድ ቤተ መዛግብት ውስጥ በጊዜያዊነት ተቀጠርኩ። ስሙን ልተወው። ሥራዬ ለድሮው የቨርጂኒያ ምክር ቤት የገቡ አቤቱታዎችን ካርድ ላይ ማስፈር ነበር። ምክር ቤት ሲባል እኔም እንደናንተ ያ የነፃነት ትግሉ ዝነኛ ተናጋሪ፣ ፓትሪክ ሄንሪ፣ ቆሞ ሲደነፋ ነበር የሚታየኝ። የየቀኑን ጆርናል ስታነቡ ግን ሌላ ነገር ነው። የአንዱ ወንዝ ጀልባ ማሻገሪያ። የትምባሆ መጋዘን። መንገድ ይሠራልን። በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት የቆሰለ ወታደር ጡረታ። ስብሰባው ሲጀመር ደግሞ ሰው የለም። ምልዓተ ጉባኤ ስለማይሞላ የመጡት ለነገ ይቀጥሩና ይበተናሉ። የቀሩትን ይዞ እንዲያመጣ ሹም ይላካል። ተወካይ ተይዞ ይመጣል፣ እስቲ አስቡት!

የተወካዮቹ ምክር ቤት በአዲሱ ሕገ መንግሥት መጀመሪያ የተሰበሰበው በጥቅምት 1776 እ.ኤ.አ. ዊልያምስበርግ ላይ ነው። ወዲያው ምን መጣለት? ወደ 10,000 ሰው የፈረመበት አቤቱታ። የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አባል ያልሆኑ ሰዎች «ለማናምንበት ቤተ ክርስቲያን ግብር አታስከፍሉን» ብለው ነው። ግብሩ በዚያው ዓመት መጨረሻ ቀረላቸው፤ የሃይማኖት ነፃነት ሕጉ እስኪወጣ ግን እስከ ጥር 1786 ጠበቁ። እኔ የአቤቱታ መልስ በስድስት ወር ካልመጣ የሞተ ይመስለኝ ነበር።

አካሄዱን ልንገራችሁ። ሰውየው ካውንቲው (ወረዳው በሉት) ውስጥ ሆኖ ያጽፋል። ጎረቤት ይፈርምለታል። ተወካዩ ይዞለት ይመጣል። አቤቱታው ምክር ቤቱ ፊት ይቀርብና ለኮሚቴ ይመራል። የይገባኛል ጥያቄ ኮሚቴ አለ፣ የሃይማኖት አለ፣ የሐሳብና የቅሬታ አለ። ኮሚቴው አይቶ ወይ «ተገቢ ነው» ይላል፣ ወይ «ውድቅ ይሁን»። ተገቢ ከተባለ ረቂቅ ይጻፍለታል፣ ሦስት ጊዜ ይነበባል፣ ወደ ሴኔት ይሄዳል። ወረቀቱ ታጥፎ ጀርባው ላይ ቀኑ፣ የተመራበት ኮሚቴና ውጤቱ ይጻፋል። የአንድ ሰው ዕድሜ ጀርባው ላይ በአንድ ቃል ያልቃል።

መግቢያው ሁሉ «በትሕትና ያመለክታል» ነው፤ መጨረሻው «አመልካቹም ዘወትር ይጸልያል»። መጀመሪያ ቀን ሳነበው ሳቄ መጣ። አባቴ አዲስ አበባ ፍርድ ቤት በር ላይ ዣንጥላ ሥር ከሚቀመጥ ማመልከቻ ጻፊ ዘንድ ይዞኝ ሄዶ ነበር። የመሬት ጉዳይ ነው። አባቴ ግማሽ ሰዓት አወራ። ሰውየው ታይፑን አስተካክሎ አምስት መስመር መታ። «ሌላውስ?» አለ አባቴ። «እሱ በውስጠ ታዋቂ ነው ጋሼ» አለው። ቤታችን ውስጥ እስከ ዛሬ መቀለጃ ነው። ምን ላመጣው ነበር... አዎ፣ የታጠፈ ወረቀት ውስጥ ብዙ ያልተጻፈ ነገር አለ ለማለት ነው።

ሁሉም የሚጠይቀው የጄምስን አቤቱታ ነው። በባርነት ላይ ሳለ ከአሜሪካኖቹ ጎን ለተዋጋው ፈረንሳዊ ጄኔራል ለላፋዬት የእንግሊዞችን ጦር የሰለለው ጄምስ። በጌቶቻቸው ምትክ ወታደር ሆነው የዘመቱትን ነፃ የሚያወጣ ሕግ በ1783 ወጥቶ ነበር። እሱ ግን ሰላይ እንጂ ወታደር አልተባለም። ስለዚህ ለምክር ቤቱ አመለከተ፣ ላፋዬትም ምስክርነት ጻፈለት። በጥር 1787 በስሙ ሕግ ወጥቶለት ነፃ ሆነ። ከዚያ በኋላ ስሙን ጄምስ ላፋዬት አለ። ደስ የሚል ታሪክ ስለሆነ ሁሉም ያውቀዋል።

እኔን የያዙኝ ግን ከ1806 በኋላ የተጻፉት ናቸው። በዚያ ዓመት አንድ ሕግ ወጣ። ነፃ የወጣ ሰው በ12 ወር ውስጥ ቨርጂኒያን ለቆ ካልሄደ ነፃነቱን ያጣል። ሚስቱና ልጆቹ እዚያው የሰው ንብረት ናቸው፣ እሱ ይውጣ። ስለዚህ «እባካችሁ እዚሁ ልኑር» እያሉ ያመለክታሉ። ያኔ የእኔም የጥገኝነት ማመልከቻ አንድ ቢሮ ውስጥ ነበር። በምሳ ሰዓት እንጀራዬን እየበላሁ እነዚህን ሳነብ ጉሮሮዬ ላይ የሚቆም ነገር ነበር።

ይኼን ሁሉ እያወቅኩ ነው እንግዲህ።

መመሪያው አጭር ነበር። ካርዱ ላይ የመጀመሪያው አመልካች ስም፣ ካውንቲው፣ ቀኑ፣ ጉዳዩ። አመልካቹ ከአንድ በላይ ከሆነ «እና ሌሎችም» ብለህ ትዘጋለህ። አለቃችን በየቀኑ የሠራነውን ካርድ ቁጥር ሰሌዳ ላይ ይጽፍ ነበር። አንደኛ እኔ ነኝ። ሁልጊዜ። ለሰባተኛ ክፍል ልጅ እንኳን የሚያሳፍር ኩራት ነበረብኝ።

አንድ ማክሰኞ የንባብ ክፍሉ ሰው ጎደለና እኔ ተተካሁ። ሴትዮዋ መጣች። ጥቁር አሜሪካዊት፣ ሰባዎቹን ያጋመሰች፣ ቢጫ ሻሽ ያሰረች። በእርሳስ የተጻፈ የአንድ ሰው ስምና የካውንቲ ስም ያለበት ወረቀት አወጣች። የቅድመ አያቷ አባት ነው። «ለምክር ቤቱ አመልክቷል እያሉ ሲያወሩ ሰምቻለሁ» አለችኝ። ካርዶቹን ፈተሽኩ። የእጄ ሥራ ናቸው፣ አውቃቸዋለሁ። አሥር ደቂቃም አልፈጀብኝ።

«የለም» አልኳት።

«ሌላ ሰው ወረቀት ውስጥ ይኖር ይሆን?»

«ቢኖር ካርዱ ላይ ይኖር ነበር።»

እንዲህ ነው ያልኳት። ቃል በቃል። እሷ አልተከራከረችም። ምናልባት ከተገኘ ብላ ወረቀቱ ጥግ ላይ ስልኳን ጽፋ ተወችልኝ። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ስሟን አልጠየቅኳትም። የምትፈልገውን ሰው ስም ይዤ የእሷን ሳልይዝ ቀረሁ።

አምስት ስድስት ወር ሆነ። አንድ ተመራማሪ ሳጥን አስወጣ። መልሼ ሳስገባ አንድ አቤቱታ በትክክል ስላልታጠፈ ዘርግቼ ላስተካክለው አልኩ። የአንዲት ነፃ የወጣች ሴት ነው፤ «እዚሁ ልኑር» የሚል። ሴትየዋ ብቻ አይደለችም። ሦስት ናቸው አብረው ያመለከቱት። ሦስተኛው እሱ ነው። መጻፍ ስለማይችል ሌላ ሰው ስሙን ጽፎለት መሐሉ ላይ የኤክስ ምልክት አድርጓል። ቀለሙ እዚያ ቦታ ላይ ወፍሯል፣ ብዕሩን ተጭኖት ነው። ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ «ውድቅ» ይላል። ካርዱን አወጣሁ። የሴትየዋ ስም፣ ከዚያ በእኔ ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ «እና ሌሎችም»።

መሳቢያዬን ገለበጥኩ። በመሐል ጠረጴዛ ቀይሬ ነበር፣ የድሮውን አጽድተውታል። ለአለቃዬ ነገርኩት። «ያጋጥማል» አለኝ። መመሪያውን አልጣስኩማ! እውነቱን ነው። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

የዛሬ ልጆች ኮምፒውተሩ ላይ ፍለጋው ሳጥን ውስጥ ስም ትጽፋላችሁ፣ ካልመጣ «የለም» ትላላችሁ። አልፈርድባችሁም። አይ፣ እፈርዳለሁ። ያንን ሳጥን የሞላው እንደኔ ያለ፣ ሰሌዳው ላይ አንደኛ ለመውጣት የሚጣደፍ ሰው ሊሆን እንደሚችል ለአፍታ ትዝ አይላችሁም። ደግሞ እኔስ ያኔ ትዝ ብሎኛል? የራሴን ካርድ አይደል ያመንኩት።

ስለዚህ ልጄ፣ ሥራሽን አትተዪው። ይኼን የምልሽ እኔ ግን በዓመቱ ትቼዋለሁ። አንድ ሆቴል የሒሳብ ክፍል የተሻለ ከፈለኝና ሄድኩ። ተመልሼ ቤተ መዛግብቱ የገባሁት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ እዚያው ጡረታ ወጣሁ። እነዚያን ካርዶች በትርፍ ጊዜዬ እየዘረጋሁ ማሟላት ጀምሬ ነበር። አልጨረስኩም። ስንት «እና ሌሎችም» እንደቀረኝ አልቆጠርኩትም። ሆን ብዬ።

የፊታችን እሑድ ሳገኝሽ ከመምከሬ በፊት አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ፦ አንድ ደብዳቤ ላይ ሦስት ሰው ከፈረመ የስንቱን ስም ነው ኮምፒውተሩ ላይ የምትመዘግቢው?