ጥያቄና መልስ፦ ማይክ ፊት ድምፄ ለምን ይሻክራል?

ጥያቄ፦ በክላሲካል ስልት የሠለጠንኩ ቴነር (ከፍ ያለ የወንድ ድምፅ ያለኝ ዘማሪ) ነኝ። ያለ ማጉያ ስዘምር አልቸገርም። በቤተ ክርስቲያን ግን ማይክ ስይዝ ከፍ ያሉት ኖታዎች ጆሮ ይወጋሉ ይሉኛል። ለስለስ አድርጌ ስዘምር ደግሞ ትንፋሼ ይከዳኛል፤ ከቃናም እወርዳለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ድምፅዎን አይቀንሱ፤ ርቀትዎን ይለውጡ። ትንፋሽዎን የሚደግፉበትን መንገድ ለማይክ ብለው ቢያላሉት ቃናው መውረዱ አይቀርም።

የሚወጋው ነገር ምንጩ ሥልጠናዎ ነው። የሠለጠነ የወንድ ድምፅ በ3000 ሄርትዝ (በሰከንድ የንዝረት ብዛት) አካባቢ ይጠነክራል፤ ኦርኬስትራን አልፎ የሚሰማውም በዚህ ነው። ብዙ የዘማሪ ማይኮች ደግሞ ከዚያ ከፍ ብሎ ያለውን ድምፅ ሆን ብለው ያጎላሉ። ስለዚህ ሚክሰሩ (የድምፅ መቆጣጠሪያው ሰሌዳ) ላይ ያለው ሰው 3000 ሄርትዝ አካባቢ ከ2 እስከ 4 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ይቀንስልዎ።

ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። በ5 ሳንቲሜትር ከያዙ፣ ሌላ 5 ሳንቲሜትር መራቅ ብቻ ይህን ያህል ያወርደዋል፤ እጅዎ ትንሽ ቢነቃነቅ ይሰማል። ከ20 ተነሥተው ወደ 40 ሲሄዱ ግን ለውጡን መቆጣጠር ይቻላል። መደበኛ ቦታዎ 20 ይሁን። ለዝቅተኛውና ለለስላሳው ስንኝ ወደ 10 ይቅረቡ፤ ከዚያ ካለፉ ወፍራሙ ድምፅ ያብጥና ቃላቱ ይታፈናሉ። ለከፍተኛው ኖታ ትንፋሽ ሲስቡ መራቅ ይጀምሩ። ኖታው ከወጣ በኋላ መሸሽ ዋጋ የለውም።

መራቅ ዕዳ አለው፦ ጌይኑ (ሚክሰሩ የማይኩን ድምፅ ሲቀበል የሚያጎላበት መጠን) ይጨመራል፣ ማይኩም ለፉጨት (ከማጉያው የወጣውን ድምፅ መልሶ ሲይዝ ለሚሰማው ጩኸት) ይቀርባል። የካርዲዮይድ ማይክ (ከፊቱ ያለውን ድምፅ የሚይዝ፣ ከጀርባው ያለውን የሚገፋ) ከሆነ ሞኒተሩን (ዘማሪው ራሱን የሚሰማበትን ማጉያ) ከማይኩ ጀርባ፣ ትክክል ፊት ለፊትዎ ያስቀምጡ። የማይኩን ራስ በመዳፍ መሸፈን ፉጨቱን ይጠራዋል። «ጴጥሮስ» ላይ የሚፈነዳውን አየር ለማስቀረት ማይኩን ከከንፈር ጥግ ላይ አዘንብለው ይያዙ።

በሙከራ ጊዜ «አንድ ሁለት» ማለት ለእርስዎ ዓይነት ድምፅ ከንቱ ነው። የመዝሙሩን ጉልህ ክፍል በሙሉ ድምፅ ይዘምሩና ጌይኑ በዚያ ይስተካከል። የሚክሰሩ መግቢያ ላይ የተሰነጠቀ ድምፅ ፌደር (የድምፅ መጠን ማንሸራተቻውን) በማውረድ አይድንም። ኮምፕሬሰር (ከፍ ያለውን ድምፅ የሚጨቁን መሣሪያ) ካለ 2 ለ1 ወይም 3 ለ1 የመጨቆኛ ልክ ይበቃል። ሞኒተር ላይ ራስዎን በመጠኑ ያስደምጡ፤ ጨርሶ ካልሰሙ ይጮኻሉ፣ ከበዛም ድምፅዎን ያፍናሉ።

ከበሮ የሌለበት፣ በፒያኖ ብቻ የሚታጀብ ሶሎ ከሆነ በእጅ የሚያዘውን ይተዉት። ኮንደንሰር ማይክ (ረቂቅ ድምፅን ከርቀት የሚይዝ ዓይነት) በማቆሚያ ላይ 50 ሳንቲሜትር ያህል ርቆ ይቁምና እንደለመዱት ይዘምሩ።