መልስ፦ ቀለም ያልነካው የቆሮሶ ጉበት ለምን አረንጓዴ ያበራል?

ፍሎረሲን (ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት አረንጓዴ የሚያበራ ቀለም) ያልተረጨበት የቆሮሶ ዓሣ ጉበት ሳይቀር በካሜራው አረንጓዴ የሚያበራብዎት፣ እንደጠረጠሩት የብርሃን ማጣሪያው ስለተበላሸ ሳይሆን ሕብረ ሕዋሱ ራሱ ስለሚያበራ ነው። ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት በሕዋሱ ውስጥ ያለው ፍላቪን የተባለ ተፈጥሯዊ ውሁድ ከ520 እስከ 530 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ) አካባቢ ያበራል፤ ፍሎረሲንም የሚያበራው እዚያው 520 አጠገብ በመሆኑ ካሜራው ሁለቱን ሊለይ አይችልም። የመብራቱን ኃይል መጨመር ሁለቱንም አብሮ ስለሚያጎላ አይጠቅምም።

መጀመሪያ ከዚያው ዓሣ ቀለም ያልገባበት ቁራጭ ወስደው፣ የካሜራውን የመጋለጫ ጊዜ (ብርሃን የሚቀበልበትን ቆይታ) ሳይቀይሩ ፎቶ ያንሱትና ብርሃኑን ከዋናው ምስል ይቀንሱት። ይህ ምስል በሌለበት የሚያገኙት ቁጥር አያስተማምንም።

ቀጥሎ፣ ከተገኘ፣ በ650 ናኖሜትር ብርሃን ተቀስቅሶ በ670 አካባቢ ቀይ የሚያበራውን ሲ ዋይ 5 (Cy5) የተባለ ሌላ ቀለም ይሞክሩ፤ በዚያ ክልል የፍላቪን ብርሃን እጅግ ይደክማል፣ ደምም የሚውጠው ያነሰ ነው።

ነገር ግን ወደ ቀይ ሲዞሩ ከአንጀቱ ይጠንቀቁ። ባሕር ዳር ከሐይቁ ዳር በጠዋት የገዛሁት ቆሮሶ አንጀቱ እንደ ፋኖስ ስለበራ፣ ቀለሙ እዚያ ተከማችቷል ብዬ ሁለት ሳምንት ያህል ስደሰት ቆይቻለሁ። ቆሮሶ የጣናን ዋቅላሚ የሚመገብ ዓሣ ነው፤ የዋቅላሚው ክሎሮፊል (አረንጓዴ የሚያደርገው ንጥረ ነገር) ደግሞ በቀይ በኩል 680 ናኖሜትር አካባቢ ያበራል። ስለዚህ ጉበቱን ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት የሆድ ዕቃውን ሳይቀደድ ያውጡ፤ ያፈሰሰ አንጀት የነካውን ቁራጭ ግን አይጠቀሙበት።