ዱባይ ፌሮ ሥራ ላይ ራሱን ለሚያዞረው ወንድሜ

«ከአዲስ አበባ መጥቼ ሥራ ከጀመርኩ አራተኛ ቀኔ ነው። ፌሮ አስራለሁ። ውሃ በደንብ እየጠጣሁ ከምሳ በኋላ ያዞረኛል፣ ያቅለሸልሸኛል» ብለሃል።

ወንድሜ፣ ውሃ ብቻውን አያድንህም። ከሐምሌ ብርድ ተነሥተህ ከ40 ዲግሪ በላይ ወደሆነ ሙቀት ገብተሃል። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ ላብ ቶሎ መውጣት ይጀምራል፣ በላብ የሚወጣው ጨው ይቀንሳል፣ የልብ ምትም ይረጋጋል። ሥራ ላይ በሙቀት ከሚሞቱት ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ያሉ ሠራተኞች ናቸው፤ ስለዚህ ጉልበቴን ላሳይ አትበል።

1. ሥራውን በደረጃ ጨምር። አዲስ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሙቀት ላይ የሚሠራው የሙሉውን ሰዓት 20 በመቶ ነው፤ በየቀኑ 20 ይጨምራል። አንተ ግን ከመጀመሪያው ቀን 100 ገባህበት። ፈቃድ ወጥቶ አንድ ወር አገር ቤት የቆየ ነባር ሠራተኛም ልምዱን ያጣል፤ እሱ 50፣ 60፣ 80፣ 100 እያለ ይመለስ። ፎርማን ይህን ሲሰማ ይቆጣል፣ ያዋርዳል። «አመመኝ» ከማለት ይልቅ ጥላ ሥር ብረት መቁረጥና ማጠፍ ላይ እንዲያደርግህ ጠይቀው፤ ለእሱም ሥራው አይቆምበትም።

2. ውሃ ሳይጠማህ፣ በየ15 እና 20 ደቂቃው ሩብ ሊትር ጠጣ። በሰዓት ከ1.4 ሊትር አትለፍ። ላብ ጨው እያወጣ ባዶ ውሃ ብቻ ከሞላህ በደም ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል፤ ያም ራሱ ማቅለሽለሽና ራስ ምታት ያመጣል። ምሳ አትዝለል። ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ስትበጠብጥ አንዱን ፓኬት በጽሑፉ ላይ ባለው ልክ በጥብጠው፤ የአንድ ሊትሩን በግማሽ ሊትር ጠርሙስ ካደረግኸው ጨው በዝቶ ይጎዳሃል። ከሌለ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ሽንትህ ሻይ ከመሰለ ውሃ አጥሮሃል።

ጿሚ ከሆንክ ደግሞ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ትገባለች፤ ሙቀቱ የሚከፋበት ሰሞን ነው። እስከ 9 ሰዓት ያለ ውሃ ፌሮ ማሰር ሕይወት ያስከፍላል። ለንስሐ አባትህ አስቀድመህ ደውል።

አሁን ወደ መብትህ። ኤሚሬትስ ውስጥ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ በእነሱ ከ12:30 እስከ 3:00፣ በእኛ ከ6:30 እስከ 9:00 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራት ክልክል ነው። ቅጣቱ በአንድ ሠራተኛ 5,000 ድርሃም፣ ሲበዛ እስከ 50,000 ነው። አስፋልት ማንጠፍና ኮንክሪት መሙላት የመሰለ፣ ሊቋረጥ የማይችል ሥራ ይፈቀዳል። እዚህ ላይ ነው የሚያታልሏችሁ፤ «ኮንክሪቱ ሊመጣ ነው» ብለው በእረፍት ሰዓት ፌሮ ያሳስሯችኋል። ፌሮ ማሰር ኮንክሪት መሙላት አይደለም! ቀኑንና ሰዓቱን የያዘ ፎቶ አስቀምጥና ለሥራ ሚኒስቴሩ በ600590000 ደውል።

በእረፍቱ ኤሲ የሌለው የቆርቆሮ ኮንቴይነር ውስጥ አትተኛ፤ ከውጭው ይብሳል። የዱባይ አየር ወበቃም ስለሆነ ላቡ አይደርቅም፣ አንገት ላይ የሚጣል እርጥብ ፎጣም ብዙ አይረዳም። የሚረዳው ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሁለቱን ክንዶች እስከ ክርን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መንከር ነው። በረዶ ከተገኘ ጨምሩበት።

ይህን ደግሞ ለጓደኞችህ ዛሬ ማታ ንገራቸው። ሰው ንግግሩ ከተወላገደ፣ ከተንገዳገደ፣ ያለበትን ከሳተ፣ እያላበውም ቢሆን የሰውነቱ ሙቀት ለሞት የሚያደርስ ደረጃ ላይ ነው። «ላቡ አልቆመም፣ ደህና ነው» ብላችሁ አትጠብቁ። ፓናዶል አይሠራም፤ ይህ ትኩሳት የኢንፌክሽን አይደለም። አንዱ 998 ይደውል፣ ሌሎቻችሁ ጥላ ሥር አውጥታችሁ ልብሱን አውልቁ፣ ሙሉ አካሉ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱ፣ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ በረዶ አድርጉ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጡት። መኪና ፍለጋ አትሩጡ፤ አምቡላንሱ እስኪደርስ ማቀዝቀዙን አታቋርጡ።