አባቴን ላሸንፈው ወይስ ልልቀቅለት? የራኬትቦል ጥያቄዎቻችሁ

እኔና ልጄ እሁድ ጠዋት ለገጣፎ፣ አንድ ወዳጃችን ጀምሮ ያላለቀ መጋዘን ግድግዳ ላይ ራኬትቦል እንጫወታለን። ይህን ባለፈው ከጻፍኩ ወዲህ የመጡልኝ ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። የሚበዙትም ከከተማው ዳር ዳር ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። እጀታው አጠር ባለ ራኬት የጎማ ኳስ ከግድግዳ ጋር እያላተሙ መጫወት ነው። ኳሱ መሬት ላይ ሁለቴ ሳይነጥር መመለስ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1950 አሜሪካ፣ ኮኔቲከት ውስጥ ጆ ሶቤክ የሚባል ሰው ነው የፈጠረው።

«አባቴ 61 ዓመቱ ነው፣ እኔ 27። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤት መዋል ስለከበደው ራኬት አስያዝኩት። ግን ሳሸንፈው ፊቱ ይቀየራል። ስለዚህ እያወቅኩ እለቅለታለሁ። ልክ ነኝ?» (ከሰበታ)

አይ የኔ ልጅ፣ ልክ አይደለህም። ይህን የምልህ እኔም አባትህ የቆመበት ቦታ ስለቆምኩ ነው።

ልጄ መጀመሪያ ሰሞን ትለቅልኝ ነበር። ያወቅኩት እግሯን አይቼ ነው። ከልቧ ስትጫወት፣ ኳሱ ገና ግድግዳው ጋ ሳይደርስ ተረከዟ ከመሬት ይነሳል። ስትለቅልኝ ግን ሁለቱም እግሮቿ እንደተተከሉ ይቀራሉ። ኳሱ ካለፋት በኋላ እጇን ዘርጋ ታደርግና «ወይኔ፣ አመለጠችኝ! ጎበዝ አባዬ!» ትላለች። ያን ቀን ቤት የገባሁት ያሸነፈ ሰው ሆኜ አልነበረም። የታዘነለት ሰው ሆኜ ነው። አባትህም ሳያውቅ አይቀርም። ፊቱን የሚቀይረው መሸነፉ ላይሆን ይችላል።

ይሉኝታህ ይገባኛል። አባት ቆሞ ልጅ በማይቀመጥበት ቤት ላደገ ሰው፣ አባቱን 15 ለ4 ማሸነፍ ድፍረት ይመስላል። ነገር ግን አባትህ ቤት መዋል የከበደው፣ ከእሱ የሚጠበቅ ነገር ስለጠፋ ነው። አንተ ደግሞ ሜዳ ላይም ምንም እንደማትጠብቅበት እያሳየኸው ነው።

እኛ ተነጋገርን። ጨዋታው እስከ 15 ነው። እኔ ከ6 እጀምራለሁ፣ እሷ ከዜሮ። ይህን በግልጽ፣ ቆጠራው ሳይጀመር ተስማማን። ከዚያ ወዲያ አንዲት ኳስ አትለቅልኝም። ባለፈው ወር «አባዬ፣ ካሁን በኋላ ከ5 ነው የምትጀምረው» አለችኝ። ደስታዬን ልነግርህ አልችልም።

ሌላም ነገር አለ። ለአባትህ ጥግ አስተምረው። ኳሱን ግድግዳው ላይ ከፍ አድርጎ መትቶ ከኋላህ ጥግ ላይ መጣል ከለመደ፣ የምትሮጠው አንተ ነህ። እሱ መሃል ቆሞ ይጠብቅሃል። ያኔ ሳትለቅለትም ያሸንፍሃል።

«ራኬትቦልና ስኳሽ አንድ ናቸው? ከእናቴ ጋር ሆቴል ያለ የስኳሽ ሜዳ ላይ ብንጫወትስ?» (ከአያት)

ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። የራኬትቦል ሜዳ 12.2 ሜትር ርዝመት፣ 6.1 ሜትር ስፋት አለው። ስኳሽ 9.75 በ6.4 ነው። የራኬትቦል ኳስ ትልቅ ናት፣ 57 ሚሊሜትር። በደንብም ትነጥራለች። የስኳሽ ኳስ 40 ሚሊሜትር ብቻ ናት፣ ሳትሞቅም አትነጥርም። በራኬትቦል ጣሪያውም የጨዋታው አካል ነው፤ በስኳሽ ኳስ ጣሪያ ከነካ ወጣ ማለት ነው። ለመዝናናት ከሆነ ሜዳው ያጫውታችኋል። የሜዳውን ኃላፊ ግን አስቀድመሽ አስፈቅጂ። ለእናትሽ የምመርጠው ራኬትቦልን ነው፤ ኳሷ ስለምትነጥር ጀማሪ ቶሎ ይደርስባታል።

«ልጄ የዓይን መከላከያ ካላደረግክ አልጫወትም አለኝ። የማንበቢያ መነጽሬ አይበቃም?» (ከቡራዩ)

አይበቃም ወንድሜ። ልጅዎ ልክ ነው። ኳሷ 40 ግራም ገደማ ብትሆንም ከቅርብ ተመትታ ስትመጣ ዓይን ለመጨፈን እንኳ ጊዜ አይገኝም። የማንበቢያ መነጽር ከተሰበረ ደግሞ ስባሪው ራሱ ዓይን ውስጥ ይገባል። ፖሊካርቦኔት በሚባል በቀላሉ የማይሰበር ፕላስቲክ የተሠራ የስፖርት መነጽር ይፈልጉ። መስታወት የሌለው ባዶ ፍሬም ግን አይግዙ፣ ኳሷ ክፍተቱ ላይ ስታርፍ ተጨፍልቃ ትገባለች። የራኬቱ እጀታ ላይ ያለውን ገመድም የእጅ አንጓዎ ላይ ማሰር አይርሱ። እጅ ያልበዋል፣ ራኬቱም ያመልጣል። የሚያርፈው ደግሞ ልጅዎ ላይ ነው።

«ከልጄ ጋር የብሎካችን ጎን ላይ እንጫወታለን። ጎረቤቶች አማረሩ። ግድግዳው የጋራ አይደል እንዴ?» (ከኮዬ ፈጬ)

የጋራ ስለሆነማ ነው ያማረሩት። ከግድግዳው ወዲያ የሌሊት ፈረቃ ያደረ ሰው ወይም አራስ ሊኖር ይችላል። ለእነሱ እያንዳንዷ ምት ራሳቸው ላይ ነው የምታርፈው። ተዉት። ሰው የማይኖርበት ግድግዳ ፈልጉ። ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ የሚሆን የትምህርት ቤት ግቢ ካለ ርዕሰ መምህሩን በአካል ሄዳችሁ አስፈቅዱ። አዋቂ ልጅ ከወላጁ ጋር ሆኖ ሲለምን እምቢ ማለት ይከብዳል። መሬቱ ላይ ጠጠር ካለ መጀመሪያ መጥረጊያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቁርጭምጭሚት የሚጠመዘዘው እዚያ ላይ ነው።

«58 ዓመቴ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ከሴት ልጄ ጋር ስጫወት ቶሎ ትንፋሽ ያጥረኛል። ልተወው?» (ከሱሉልታ)

እትዬ፣ ከመተውዎም ከመቀጠልዎም በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ። «ልጫወት ነው» ብቻ አይበሉ። ጨዋታው ሩጫ፣ ድንገተኛ መቆምና መዞር እንዳለበት ይንገሩት። አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች የልብ ምትን ዝቅ ስለሚያደርጉ ምት ቆጥሮ ድካምን መለካት ያሳስታል። ቀላሉ መለኪያ ንግግር ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ካቃተዎት ይረፉ። ደረትዎ ላይ ክብደት ወይም ማዞር ከተሰማዎት ጨዋታው እዚያው ያበቃል፤ ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ነው።

አገሩም ድርሻ አለው። ሱሉልታ ከመሃል አዲስ አበባም ከፍ ይላል፣ አየሩ ስስ ነው። አሥር ደቂቃ በእግር ተራምደው ሰውነትዎን ያሙቁ። በጾም ሰሞን ደግሞ ማለዳ፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ አይጫወቱ። ወደ ማታ፣ እህል ከቀመሱ በኋላ ያድርጉት።

«ከውጭ የመጣልን ኳስ እዚህ እንደ ጥይት ይፈጥናል። ኳሱ ነው ወይስ እኛ?» (ከለገጣፎ)

አየሩ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስለሚሳሳ ኳሱን የሚይዘው ነገር ያንሳል። በቴኒስ እንኳ ከ1,219 ሜትር በላይ ላለ ቦታ ለብቻው የተዘጋጀ ኳስ አለ። አትዘኑ፣ በዚህ ጨዋታ ስሟ የሚጠራው ቦሊቪያም ከፍታ ላይ ያለች አገር ናት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላችሁ ቁሙ።

«ልጄ ጎሮ ተከራይቶ ወጥቷል። እሁድ ሲመጣ ምሳ በልቶ ስልኩን ሲነካካ ይውላል። ራኬት ገዝቼ ብጠራው ይመጣል?» (ከቱሉ ዲምቱ)

ራኬቱን ገና አይግዙ። መጀመሪያ ይጠይቁት። «ሰውነቴ ከበደኝ፣ አብረኸኝ ተጫወት» ይበሉት። ልጅ ምክር ይሸሻል እንጂ እንዲህ ሲለመን እምቢ አይልም።

እኔና ልጄ ትልልቅ ወሬ ያወራነው ቤት ውስጥ አይደለም። ከጨዋታ በኋላ መጋዘኑ አጠገብ ያለ ብሎኬት ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ፊት ለፊት አንተያይም፣ ሁለታችንም የምናየው ኳሷ ግድግዳው ላይ የተወችውን ሰማያዊ ነጠብጣብ ነው። ሥራ መልቀቅ እንደምትፈልግ የነገረችኝ እዚያ ነው። እኔም እናቷ ስትታመም ምን ያህል ፈርቼ እንደነበር የነገርኳት እዚያው ነው።

ስለዚህ ሲሄዱ ውሃ ይያዙ። ኳስም ሁለት ይሁን፤ አንዷ አጥር መሻገሯ አይቀርም።