ወዴት ልሂድ?

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውን «ዜልዳ፦ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» የተባለ የቪዲዮ ጌም አድንቀው አይጠግቡም፤ እኔ ግን ስጫወተው ወዴት እንደምሄድ ግራ ገባኝ። ምኑን ወደዱት?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የወደዱት ግራ ያጋባዎትን ነፃነት ራሱን ይመስለኛል። በመነሻው አምባ ላይ አራቱን መቅደሶች (እንቆቅልሽ የሚፈታባቸውን ክፍሎች) ጨርሰው በአየር ላይ መንሳፈፊያውን ሸራ ከተቀበሉ በኋላ፣ ጨዋታው ወደ መጨረሻው ጠላት ወደ ጋነን እንኳ በቀጥታ እንዲሄዱ ይፈቅድልዎታል። ከርቀት ያዩትን ተራራ ሁሉ ማለት ይቻላል ቧጠው ይወጡታል፤ ዝናብ ሲጥል ግን ድንጋዩ ስለሚያዳልጥ መጠለል ወይም ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ይሆናል፤ ያንን መንገድ በራስ ብልሃት ማግኘት ልዩ ደስታ አለው። በጨዋታው ዓለም ውስጥ ተደብቀው የሚገኙትን 900 «የኮሮክ ፍሬዎች» ሁሉ መልቀም ግን አድካሚ ነው፤ እሱን ይተዉት። ከፍ ካለ ማማ ላይ ዙሪያውን ይቃኙና ዓይንዎን ወደ ሳበው ቦታ ይሂዱ።