ስልክ የሌላት ልጅ የት ቁጭ ብላ ትማር?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለመምህርት። አዘዞ አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት 9ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ሥራ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። አንዱ ክፍሌ 68 ተማሪ አለው። መስከረም ላይ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትኩላቸው፤ 41ዱ ገቡ። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ግሩፑ ሰላምታ፣ ስቲከርና የቲክቶክ ቪዲዮ ብቻ ሆኗል። የምልከውን ፒዲኤፍ የሚከፍተው ጥቂት ነው። የከፋው ደግሞ ባለፈው ሳምንት የሆነው ነው። የቤት ሥራውን ቴሌግራም ላይ ብቻ ለቀቅኩት። በማግሥቱ "ያልሠራ ይውጣ" ስል አንዲት ልጅ ተነሥታ ወጣች። ስልክ እንደሌላት የሰማሁት በኋላ ነው። ግሩፑን ልዝጋው ወይ?
የሒሳብ መምህር፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቴም ልጅቷ ተነሥታ ስትወጣ ስደርስ ቆምኩ። "ስልክ የለኝም" አላለችም እኮ። በ67 ልጅ ፊት ይህን ከማለት መውጣት ቀለላት። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ለብቻዋ ጥራትና ይቅርታ ጠይቃት። ለክፍሉ ደግሞ የቤት ሥራ ከእንግዲህ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደሚሰጥ ንገራቸው። ምክንያቱን መናገር አያስፈልግህም።

ግሩፑን ግን አትዝጋው።

የእኔን ልንገርህ። መጋቢት 2012 ኮሮና ትምህርት ቤት ሲያዘጋ እኔም ወደ ቴሌግራም ነው የሮጥኩት። ቤቴ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነው። ሳሎን ግድግዳ ላይ ካርቶን ለጥፌ፣ ልጄ ስልኩን ይዞልኝ፣ 14 ቪዲዮ ቀረጽን። በጣም ለፋሁባቸው። ትምህርት ቤት ሲከፈት ከጎበዞቹ አንዱን "አየኸው?" ብዬ ጠየቅኩት። "አንዱን ጀምሬው ነበር መምህርት፤ ካርዱ አለቀ" አለኝ። ስልኩ የአባቱ ነው። አባቱ ባጃጅ ነው የሚነዳው፤ ስልኩ ልጁ እጅ የሚገባው ማታ ነው፣ እሱም ከተረፈ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትምህርት ሳዘጋጅ መጀመሪያ የማስበው ስልክ የሌለውን ልጅ ነው። እሱ የማያገኘው ነገር ውጤት እንዲያስቀንስ አላደርግም።

አሁን ቪዲዮ ትቻለሁ፤ የምልከው ድምፅ ነው። ሦስት ደቂቃ፣ ተማሪዎች የሚሳሳቱት አንድ ስሕተት። ሦስት ደቂቃ ድምፅ አንድ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ልጁ ውኃ ሊቀዳ ተሰልፎም ይሰማዋል።

ምን ዓይነት ስሕተት? እስቲ 1/2 ሲደመር 1/3 ስንት ነው ብለህ ጠይቃቸው። ብዙዎቹ 2/5 ይሉሃል። ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምረው ማለት ነው። 9ኛ ክፍል ደርሰውም አይለቃቸውም። እኔ በድምፅ የምላቸው እንዲህ ነው፦ "ሳህንህ ላይ ግማሽ እንጀራ አለ። እናትህ የሌላ እንጀራ ሲሶ ጨመረችልህ። አንተ 2/5 አልክ። 2/5 ከግማሽ ያንሳል። ተጨምሮልህ እንዴት ቀነሰ?" እዚህ ላይ ዝም እላለሁ፤ አምስት ሰከንድ ያህል። ያቺን ዝምታ አትናቃት፤ ልጁ የሚያስበው እዚያች ላይ ነው። ከዚያ ሁለቱንም እንጀራ ስድስት ስድስት ቦታ እንቆርሳለን። ከአንዱ ሦስት ቁራሽ፣ ከሌላው ሁለት፣ በድምሩ 5/6። አንዱ ተማሪዬ ድምፁን ቤት ሲያዳምጥ እናቱ ሰምታ "እኔ መቼ ቀንሼብህ አውቃለሁ?" እንዳለችው ነግሮኛል። ያ ልጅ ክፍልፋይ ሲደምር ከዚያ ወዲህ አልተሳሳተም።

ዋናው ጥቅም ግን ሌላ ነው። ድምፁን ከመላክህ በፊት ማታ ያንኑ ጥያቄ ግሩፑ ላይ በምርጫ ልቀቀው። ቴሌግራም ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ ትክክለኛ መልስ የሚሞላበት የምርጫ ጥያቄ አለው። የመራጩ ስም እንዳይታይ ማድረግ ይቻላል፤ ይህ ለአፋር ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ከምርጫዎቹ አንዱ 2/5 ይሁን። ስሕተቱን አንተው ራስህ አስገባው። ከ41ዱ 25ቱ 2/5 ካሉ፣ ነገ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ምን እንደምትጽፍ አወቅህ ማለት ነው። ያ ትምህርት ደግሞ ለ68ቱም ይደርሳል። ያቺ ልጅ ስልክ ሳትነካ ግሩፑ ጠቀማት።

ድምፁ ስልክ ለሌላቸው እንዴት ይድረስ? ይህ ጎንደር ለሚኖር ሰው አዲስ አይደለም። የአብነት ትምህርት ቤት ሄደህ እይ። የኔታ ሁሉን ልጅ ራሳቸው አያዳርሱም፤ ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቀጽለዋል። አንተም ስልክ ያለውን ልጅ ከሌላቸው ጋር አቧድነው። ትምህርት ቤትህ ስልክ ማስገባት ከከለከለ የሰማውን በቃሉ ያስረዳቸው። እኔ እንዲያውም ይሄኛውን እመርጣለሁ፤ አስረጂው ራሱ የዚያን ጊዜ ነው የሚገባው።

ስቲከሩ ብዙ አያስጨንቅህ። ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ስቲከርና ቪዲዮ መላክን ዝጋ፣ አለቀ። ማስታወቂያህን በቻናል ለየው፤ እዚያ የምትጽፈው አንተ ብቻ ነህ። ግሩፑ ላይ መጠየቅ ግን አትከልክላቸው። አንድ ሌላ መምህር አድሚን አድርግ። ለተማሪ በውስጥ መስመር አትጻፍ፤ ጥያቄ በውስጥ ከመጣልህም መልሱን ግሩፑ ላይ አድርገው። ይህ አንተንም ልጆቹንም ይጠብቃል።

ደግሞ ሁሉን ነገር ስልክ ላይ አታስቀምጥ። በ2015 ክረምት ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፍቶ ለወራት ሲቆይ፣ ማስታወሻችንን ሁሉ ቴሌግራም ላይ ያደረግን መምህራን ባዶ እጃችንን ቀረን። አሁን ጥያቄዎቹን ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ ድምፆቹን ሚሞሪ ካርድ ላይ እገለብጣለሁ። ልጆቹ ከስልክ ወደ ስልክ ፋይል በሚያስተላልፈው ዜንደር ይቀባበሏቸዋል፤ ለዚያ ኢንተርኔት አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ልጄ 10ኛ ክፍል ናት። ማታ እስከ አምስት ሰዓት ስልክ ላይ ናት። "እየተማርኩ ነው" ትለኛለች። እኔ እንግሊዝኛ አላነብ። በምን ልወቅ?
እናት፣ ከቀበሌ 18

መልስ፦ እንግሊዝኛ አያስፈልግዎትም። ቡና ሲያፈሉ አጠገብዎ ያስቀምጧትና "ዛሬ የተማርሽውን ለእኔ በአማርኛ አስረጂኝ" ይበሏት። ከተማረች ታስረዳለች። ከተንተባተበች አይቆጧት፤ በሚቀጥለው ቀን ደግመው ይጠይቋት። በሳምንቱ ራሷ መዘጋጀት ትጀምራለች። ከሦስት ሰዓት በኋላ ደግሞ ስልኩ እርስዎ ክፍል ይደር።

ሁለት ነገር ግን አብረው ይዩ። አንደኛ፣ ቴሌግራሟ ላይ ስልክ ቁጥሯ ለማንም እንዳይታይ ታድርገው። ሴቲንግ ውስጥ ለዚሁ የተለየ ቦታ አለ፣ ደቂቃ አይፈጅም። የማታውቀው ሰው ከጻፈላት ሳትመልስ ብሎክ ታድርገውና ለእርስዎ ትንገርዎት። ስትነግርዎት ስልኩን አይቀሟት፤ ከቀሟት ሌላ ጊዜ አትነግርዎትም። ሁለተኛ፣ ከፈተና መልስ ሻጮች ትራቅ። በ2008 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጥቶ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱን ብዙዎቻችን አንረሳውም። ዛሬ ፈተና ሲደርስ "መልሱ እጃችን ላይ ነው፣ ብር ላኩ" የሚሉ ቻናሎች ይፈላሉ። ብር ልከው ያለቀሱ ልጆች አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ደምቢያ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስምንት ኮምፒውተር አለን፣ ኢንተርኔት የለንም። ጥቅም አላቸው?

መልስ፦ በጣም እንጂ። ጎንደር ስትመጣ ፍላሽ ይዘህ ና። ፌት (PhET) የሚባሉ በኮምፒውተር የሚሠሩ የሳይንስ ማሳያዎች አሉ። በ2002 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዋይማን አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያስጀመራቸው ናቸው። በነፃ ነው የሚወርዱት፤ አንዴ ካወረድካቸው ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ኪዊክስ (Kiwix) የሚባለውንም ፕሮግራም ጨምርበት፤ ውክፔዲያን በሙሉ ያለ መስመር ያስነብባል።

ከፌት የኤሌክትሪክ ዑደት መሥሪያውን አስቀድም። ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል ስክሪኑ ላይ እየጎተቱ ያገናኛሉ። ስምንት ስምንት ሆነው ይቀመጡ፣ ማውሱም በየተራ ይዙር። የባትሪውን ሁለት ጫፍ በባዶ ሽቦ ሲያገናኙት ስክሪኑ ላይ እሳት ይነሣል። ተዋቸው፣ ያቃጥሉት። "ለምን?" ብለህ የምትጠይቃቸው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ እውነተኛ የድንጋይ ባትሪ፣ ሽቦና የእጅ ባትሪ አምፖል ጠረጴዛው ላይ አምጣላቸውና አምፖሉን ያብሩት።