ሠላሳ አንባቢ፣ ሁለት ዓይነት «ጾም» እና ሌሎች ጥያቄዎች

ባለፈው ሳምንት «በአማርኛ እየጻፋችሁ አንባቢ ያጣችሁ ካላችሁ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ምነው ባላልኩ አሰኝቶኛል። ሁሉንም መመለስ አልችልም፤ ስድስቱን መርጫለሁ።

«ጋሼ፣ ስለ ምግብ ነው የምጽፈው። በስምንት ወር ከ60 በላይ ጽሑፍ አውጥቻለሁ። ሊንኩን ስልክላቸው ጓደኞቼ ያነባሉ እንጂ በጉግል ፈልጎ የሚመጣ ሰው የለም። ምን ጎደለኝ?» (ከሐዋሳ)

ገብቼ አየሁልሽ። በተለይ የሽምብራ አሳው አስጎምጅቶኛል። ርዕሱ ግን «ጾምን በፍቅር» ይላል። እስቲ ንገሪኝ፣ ወጥ ቤት ቆማ ስልኳን ያነሳች ሴት «ጾምን በፍቅር» ብላ ትፈልጋለች? «የሽምብራ አሳ አሰራር» ነው የምትለው። ርዕስሽ እሱ ይሁን። ቅኔውን ወደ ውስጥ አስገቢው።

ሌላው የፊደላችን ጣጣ ነው። «ጾም» የሚል አለ፣ «ፆም» የሚል አለ። መጽሐፍ «አሠራር» ይላል፤ በስልክ የሚጽፈው ሰው ግን ቅርቡ ያለውን ነክቶ «አሰራር» ይላል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ጉግል አንድ አድርጎ ይቆጥርልኛል ብለሽ አትተኚ። እኔ ራሴ የ«ሠ» ወገን ነኝ፤ መምህሬ በአርጩሜ ነው ያስጠኑኝ። ርዕስ ላይ ግን ሰው የሚጽፈውን እጽፋለሁ። ሌላውን አጻጻፍ ውስጥ ላይ አንድ ቦታ ጣል አደርገዋለሁ። አማርኛን በላቲን ፊደል እየጻፈ የሚፈልግም ሞልቷል። የምግቡን ስም አንዴ በላቲንም ጻፊው፤ ለፎቶው በምትሰጪው ስም ላይ ቢሆንም ችግር የለውም።

በግምት እንዳትሠሪ ደግሞ ሰርች ኮንሶል የሚባል የጉግል መሣሪያ አለ። ነፃ ነው። ሰው ምን ብሎ ሲፈልግ ገጽሽ እንደታየ፣ ስንቱስ እንደከፈተው ቃል በቃል ያሳይሻል። ከሁለት ወር በኋላ ዝርዝሩን ተመልከች። ያላሰብሽው ጥያቄ ታገኛለሽ፤ ቀጣዩ ጽሑፍሽ እሱ ነው።

የአዘገጃጀቱን ዝርዝር ፎቶ ላይ ጽፈሽ መለጠፉንም ተዪው። ያምራል፣ ግን የሚያነብልሽ ዓይን ያለው ሰው ብቻ ነው። በዚያ ላይ አንዱ ፎቶሽ ብቻ 4 ሜጋባይት ነው! በዳታ የሚገባ ሰው ሽሮው እስኪመጣለት ተርቦ ይሄዳል። 200 ኪሎባይት ከበቂ በላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተውሽ። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። አንቺ የተልባውን ጽሑፍ ያወጣሽው ነሐሴ 9 ነው። ሰው የሚፈልገው ከመግባቱ በፊት ነው፤ ጉግልም አዲስ ገጽ አግኝቶ እስኪመዘግብ ጊዜ ይወስዳል። ለፍልሰታ ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ኅዳር 15 ለሚገባው ለገና ጾም ደግሞ ጥቅምት ውስጥ አውጪ። የዶሮ ወጡን ጽሑፍ መስከረም 1 ጠዋት ማውጣትማ ዶሮው ከታረደ በኋላ ነው።

«ልጄ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። በ1990ዎቹ ስለ አካባቢያችን ታሪክ በኮምፒዩተር የጻፍኳቸው አሉ። የልጅ ልጄ ብሎግ ከፈተልኝ። ጽሑፉን ስንለጥፈው ግን የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ሆኖ ይወጣል። ኮምፒዩተሩ ነው የታመመው?» (ከደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ አባቴ። ኮምፒዩተሩ ደህና ነው። ያኔ እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ስንጽፍ፣ ፊደላችን በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ እንደ ጭንብል የተደረበ ነበር። ጽሑፉን ያ የፊደል ቅርጽ ወደሌለበት ሲወስዱት ጭንብሉ ይወልቃል። የሚያዩት ከሥር የነበረውን ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ (ኮምፒዩተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መዝገብ) የራሱን ቦታ ያገኘው እንደ አውሮፓውያን በ1999 ነው፤ ወደ ሰው ኮምፒዩተር እስኪገባ ደግሞ ዓመታት ፈጀ። የድሮውን ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ። የልጅ ልጅዎ በአንድ ምሽት ይጨርሰዋል። ከተቀየረ በኋላ ግን እርስዎ ራስዎ ያንብቡት፤ አንዳንድ ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ ይዛነፋል።

ሁሉንም በአንድ ቀን አይልቀቁት። በሳምንት አንድ ይበቃል። የቀበሌውን፣ የወንዙን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ስም ርዕስ ላይ ያስገቡ። ስለ ዶሮ ወጥ የሚጽፍ ብዙ ነው። ስለ እርስዎ መንደር የሚጽፍ ግን ምናልባት እርስዎ ብቻ ነዎት። የዚያ አገር ልጅ የትም ይሁን የት፣ አንድ ቀን የመንደሩን ስም ጽፎ ይፈልጋል።

«ለቴሌግራም ቻናልህ በ3 ሺህ ብር 10 ሺህ አባል እንጨምርልህ አሉኝ። ልግዛ?» (ከአዳማ)

አትግዛ። ከእያንዳንዱ ጽሑፍህ ሥር ትንሽ የዓይን ምልክትና ቁጥር አለች አይደል? 10 ሺህ አባል ኖሮህ ዓይኗ 41 ካለች አለቀ። ማስታወቂያ ሊሰጥህ የመጣ ነጋዴ መጀመሪያ የሚያያት እሷን ነው። ይልቅ ካንተ ጋር የሚቀራረብ ነገር የሚጽፍ ቻናል ፈልግና «አንተ የእኔን አንድ ጽሑፍ አጋራ፣ እኔ ያንተን» በለው። ብሩን ቆጥበው።

«ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ልጆች ተኝተው፣ ሥራ ጨርሼ በፈረንጅ አቆጣጠር ከምሽቱ 10 ሰዓት ላይ እለጥፋለሁ። አንባቢዎቼ አዲስ አበባና ጅዳ ናቸው። ሰዓቱ ለውጥ ያመጣል?» (ከሜሪላንድ)

ያመጣል እንጂ! ያንቺ 10 ሰዓት በበጋችሁ አዲስ አበባ ላይ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ሰው ሲነሳ ጽሑፍሽ በሌሊት የገባ ሌላ ሃምሳ መልእክት ተጭኖታል። ጅዳና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ነው፤ ያ እድልሽ ነው። ሰው እራት በልቶ ስልኩን የሚያነሳበትን ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ሞክሪ። ለአንቺ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በበጋ ከቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ በክረምታችሁ ሰዓት ሲቀየር ደግሞ አሥራ ሁለት ተኩል። (የሁለት አገር ሰዓት ስደምር ሁሌ ይምታታብኛል፤ ይህንን በወረቀት ነው የሠራሁት።) ሥራ ላይ ከሆንሽ ቴሌግራም ሰዓት ሞልተሽ የምትተዪበት መንገድ አለው፤ የመላኪያውን ምልክት ጫን ብለሽ ያዢ። ሳዑዲ ዓርብ ዕረፍት ነው፤ ረዥሙን ጽሑፍ ለዓርብ አድርጊው።

«ጽሑፌን ስሜን አጥፍተው በየቻናሉ ይለጥፉታል። ምን ላድርግ?» (ከጎንደር)

የእኔን አንድ ጽሑፍ ሬዲዮ ላይ ሲነበብ ታክሲ ውስጥ ሰምቻለሁ። ስሜ የለም። ሹፌሩ «ይሄ ሰውዬ ሲጽፍ እኮ!» አለ፣ አንባቢውን ማለቱ ነው። አራት ኪሎ ወራጅ አልኩና ወረድኩ።

ሕጉ ካንተ ጋር ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ሥራው እንደተሠራ መብቱ ያንተ ነው፤ አስቀድመህ ማስመዝገብ አይጠበቅብህም። ግን ከፍርድ ቤት በፊት ለቻናሉ ባለቤት በጨዋ ደንብ ጻፍለት። «ስሜንና ሊንኬን ጨምርበት» በል እንጂ «አጥፋው» አትበል። ብዙዎቹ ይሰማሉ፤ ያኔ ሌባው ወሬህን አድራሽ ይሆናል። እምቢ ካለ ለቴሌግራምም ለፌስቡክም አመልክት፤ የመብት ጥሰት መቀበያ አላቸው። ወደፊት ደግሞ ራስህን ከጽሑፉ መሃል አስገባ። «ጎንደር ቀበሌያችን ውስጥ አባቴ ሲያጫውተኝ» ብሎ የጀመረን ጽሑፍ ሰርቆ የራስ ማድረግ ያደክማል።

«ስለ ድሬዳዋ ባቡርና ስለ አያቴ እጽፋለሁ። አንድ ዓመት ሆነኝ፤ 30 ሰው ብቻ ነው የሚያነበኝ። ላቁም?» (ከድሬዳዋ)

በአፄ ምኒልክ ዘመን «አእምሮ» የሚባለው ጋዜጣ ሲጀምር በእጅ የሚጻፍ ነበር፤ የሚሰራጨውም 24 ቅጂ ነው። በስድስት ትበልጠዋለህ።

ቀልዱን ትተን፣ እነዚያ 30 ሰዎች እነማን ናቸው? ታውቃቸዋለህ? ለአምስቱ ለየብቻ ጻፍላቸውና «የቱን ጽሑፍ ለሌላ ሰው ላክኸው?» በላቸው። «ወደድከው ወይ» ብለህ አትጠይቅ፤ ሁሉም አዎ ነው የሚሉህ። የላኩት ጽሑፍ የትኛው እንደሆነ ስታውቅ የዚያን ዓይነት ጨምር። የድሮ የባቡር ሠራተኞች ልጆችና የልጅ ልጆች የሚሰበሰቡበት የፌስቡክ ቡድን ካለም ፈልግ፤ ግን ሊንክ ወርውረህ አትውጣ። አንድ የአያትህን ፎቶ ለጥፍና «ከጎናቸው ያሉትን የሚያውቅ አለ?» በል።

እኔም ትናንት ማታ ገብቼ አምስቱን ክፍል በአንድ ትንፋሽ አንብቤያለሁና 31 በል። ባቡሩን አዋሽ ላይ አቁመህብናል። ስድስተኛው መቼ ነው?